ትዕዛዝዎ መንገድ ላይ ነው

የእህቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ ነው ያለው። ደውሎ ካናቢስ፣ ማለትም እኛ ሐሺሽ የምንለው ነገር፣ ቤት ድረስ እንደሚመጣ ያስረዳኛል። «አጎቴ፣ በስልክ ያዛሉ፤ ሾፌሩ መጥቶ በር ያንኳኳል፤ መታወቂያ ያያል፤ 21 ዓመት ላልሞላው አይሰጥም። ዕቃው የታሸገ ነው፤ ቀረጥ ተከፍሎበታል፤ ደረሰኝ አለው። ከጧቱ 12 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማድረስ አይፈቀድም።»

«አንተ ታዛለህ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ እኔ አይደለሁም፤ ጎረቤቴ ነው።»

እሺ፣ ጎረቤቱ ነው። ለአንድ ሰው በቀን የሚሸጠው ከ28.5 ግራም እንደማይበልጥም ያወቀው በጎረቤቱ በኩል ይሆናል።

እኔን የቆጨኝ ሐሺሹ አይደለም፤ አስተግፊሩላህ! የቆጨኝ መስተንግዶው ነው። እኔ እዚህ ጅዳ፣ ዓዚዚያ ቁጭ ብዬ አንዲት ቡና ሳዝ የሚገጥመኝን ስሙኝማ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሰው «ቤትዎ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘመን አልፏል። ድሮ «ከፓኪስታኖቹ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከየመኒው ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሐጂን ብለህ ጠይቅ» ካልኩ አለቀ። ዛሬ «ሎኬሽን ላክ» ነው። መንግሥትም ለየቤቱ አራት ፊደልና አራት ቁጥር ያለው አድራሻ አውጥቷል፤ የልጅ ልጄ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋልኛለች። የመኖሪያ ፈቃዴን የኢቃማዬን ቁጥር፣ የባንኩን ቁጥር፣ የስልኩን የሚስጥር ቁጥር ሸምድጄ ሳበቃ፣ አሁን ደግሞ የገዛ ቤቴን ልሸምድድ!

አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ልጅቷ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና «አዝዣለሁ» አለችኝ። ስልኩ «ትዕዛዝዎ መንገድ ላይ ነው» ይላል። ካርታው ላይ አንዲት ሚጢጢ ሞተር ትሄዳለች። መነጽሬን አድርጌ እከታተላታለሁ፤ ትቆማለች፣ ትዞራለች፣ እንደገና ትሄዳለች። በመጨረሻ «ደርሷል» አለ። በር ብከፍት ከድመት በቀር ማንም የለም። ወዲያው ስልክ ጮኸ፤ የመካው ዘበኛ ነው። የከሚሴ ልጅ ነው፤ በረመዳን ለዑምራ የሄድን ጊዜ እሱ የሚጠብቀው ሕንፃ ላይ ነበር ያረፍነው። «ሐጂ፣ ቡና ልከውልኛል፤ ጀዛከላህ ኸይር!» አለኝ። ለካ መተግበሪያው የዚያን ጊዜውን አድራሻ ይዞ ኖሯል። ዓዚዚያ ከሆነ ዓዚዚያ ነው ብሎ፣ ከዚህ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሚና አጠገብ ካለው ከመካው ዓዚዚያ አድርሶልኛል። ምን ልበል? «ጠጣው ልጄ» አልኩት። ስኳር አንሶታል አለኝ!

ቡናው ጅዳ የደረሰ ዕለትስ ምን ተረፈኝ? ሞተረኛው «ታች ነኝ፣ ውረዱ» ይላል። የሎስ አንጀለሱ ሐሺሽ በር ድረስ እየተንኳኳለት ይገባል፤ የኔ ቡና ጉልበቴን ይዤ ደረጃ እንድወርድለት ይፈልጋል። መታወቂያ የሚጠይቀኝም የለም። በዚህ ዕድሜዬ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» የሚለኝ ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ቡናውም ቡና አይደለም። ክዳኑ የተበሳ የወረቀት ኩባያ፣ ሄሉ የበዛበት፣ በመንገድ የቀዘቀዘ። አቦል ካሉት ያው እሱ ነው፤ ቶናም በረካም የሉትም። ቆሎ የለ፣ ዕጣን የለ፣ የሚመርቅ የለ። ደግሞስ ቡና ለአንድ ሰው ይታዘዛል? እኛ ወሎ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ካልተጠራ፣ ቤቱ ውስጥ የተጣላ ሰው አለ ማለት ነው።

ወደ ሐሺሹ ልመለስና፣ መንግሥታት የሚፈቅዱትን ቅጠል ሲመርጡ ማን እንደሚያማክራቸው እንጃ። ጫትን ተመልከቱ። እኛ ዘንድ ሼኹ ዱዓ የሚያደርግበት፣ የአወዳይ ገበያ የሚደምቅበት፣ መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ የሚለቅምበት ቅጠል ነው። እዚህ ሳዑዲ ክልክል ነው፤ እኔም የመጣሁ ጊዜ ትቼዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጥርሴም ተርፏል። ሆላንድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ከለከለችው፤ ካናቢስ በየኮፊ ሾፑ የሚሸጥባት ሆላንድ! እንግሊዝ በ2014 ተከተለች። አሜሪካም ያው ናት። የእህቴ ልጅ፣ ይቅርታ፣ ጎረቤቱ፣ ሐሺሹን ደረሰኝ ይዞ በር ላይ ይቀበላል፤ አንዲት እስር በለጬ ቢገኝበት ግን ጠበቃ ይፈልጋል።

ሐሺሹም ቢሆን ካሊፎርኒያ ፈቀደችው እንጂ የዋሽንግተኑ ሕግ አልፈቀደውም። ባንኮቹ ስለሚሸሹት ብዙው ግብይት በጥሬ ገንዘብ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰውማ ዜግነት ሲያመለክት «መልካም ሥነ ምግባር የለህም» ሊባልበት ይችላል፤ ይህን የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በ2019 በመመሪያ አውጥቶታል። ስለዚህ ልጁ ጎረቤቴ ነው ብሎ አጥብቆ ቢናገር አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለኝም። ዕቃው አንድ ነው። እዚያ ማዶ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ እዚህ አንገት ይቆረጥበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 2025 መጀመሪያ ላይ፣ ነጅራን ውስጥ ሐሺሽ አስገብታችኋል ተብለው በአንድ ቀን የሞት ቅጣት ከተፈጸመባቸው ሰዎች ሦስቱ ኢትዮጵያውያን፣ አራቱ ሶማሌዎች ነበሩ። ዜናውን በቴሌቪዥን ሰማሁ፤ ከኛ ሰፈር ማንም ስለነሱ አላወራም። የየመንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ ለሚመጣ ልጅ ደላላ ከረጢት ሲያሸክመው ውስጡ ምን እንዳለ ይነግረዋል? ቢነግረውስ፣ እምቢ ብሎ የት ሊሄድ ነው? የእህቴ ልጅ ስለ መስተንግዶው ሲያወራ ይህን ልነግረው አስቤ ስልኩ ተቋረጠ።

ቡናም ራሱ ተከልክሎ ያውቃል። በዚህችው በመካ፣ በ1511፣ የከተማዋ የገበያ ተቆጣጣሪ ካኢር ቤይ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አገኘና አበደ። ዓሊሞችን ሰበሰበ፣ ሐኪሞችንም ጠራ። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ቡና ለሰውነት ጠንቅ ነው ብለው መሰከሩለት። ሐኪም ያኔም መስካሪ አያጣም! ቡና ተከለከለ፣ መንገድ ላይ ተቃጠለ፣ የሸጠና የጠጣ ተገረፈ። ከዚያ ነገሩ ካይሮ ደረሰ፤ ሱልጣኑ ቃንሱህ አል-ጉሪ ክልከላውን እንዳለ አላጸደቀውም፤ ቡናውም ተመለሰ። የተገረፉትን ግን ማን ይመልስላቸው? ይቅርታ የሚል ወረቀት እንኳ ከካይሮ አልመጣም። እኛም አገር ቢሆን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ብዙው የደጋ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ ዛሬ ያለ ቡና የሚውል ቄስ ካለ አሳዩኝ።

በ2022 ደግሞ የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር ምግብ ቤቱም ቡና ቤቱም «የዓረብ ቡና» ማለት ትቶ «የሳዑዲ ቡና» እንዲል አዘዘ። ጃዛን ተራራ ላይ ቡና እንዳለ አውቃለሁ፤ ኸውላኒ ይሉታል፤ ጥሩ ቡና ነው፤ አልዋሽም። እኔ ግን ባብ መካ ገበያ ገብቼ ጆንያ የምገላልጥ ሰው ነኝ። ነጋዴው «ሀረሪ፣ ሀረሪ» እያለ ይጣራል፤ ከጎኑ ያለው «ለቀምቲ» ይላል፤ እሱማ የኛው ነቀምት ነው። ከሐረርጌና ከወለጋ መጥቶ ባሕር እንደተሻገረ ዜግነት ያገኛል። እኔ ስንት ዘመን ኖሬ ኢቃማዬን በየዓመቱ አሳድሳለሁ!

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ቤት ሠርታ፣ ማታ ደግሞ ለኔና ለእንግዶቼ ቡና ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። ጨርሼ ምራቄን እስክውጥ ጠበቀችኝና፣ «ሐጂ፣» አለች፣ «ሀረሪው ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ። ጀበናውም ያው። ፍም አያስፈልገውም፣ በኤሌክትሪክ ነው። ለምን ተነሥተው አያፈሉም?»

«እኔ?» አልኳት።

«እርስዎ።»

«ወንድ ልጅ ጀበና ጥዶ?»

የልጅ ልጄ ስልኳን ቀና አድርጋ ቪድዮ ልትቀርጸኝ ተዘጋጅታለች። ይህ ደግሞ በየትኛው ሱልጣን የተፈቀደ ነው?