በሬዲዮ የሚመራው ጡረተኛ፦ ከመርሳ የተገኘ ማስረጃ

ባሕር ማዶ ጡረታ የወጣ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ ትንሽ አውሮፕላን ያበርራል። ሬዲዮው ያዛል፤ አውሮፕላኑ ይታዘዛል፤ ሽማግሌው አንጋጦ ያያል። የዚህ ጥናት ዓላማ በሰሜን ወሎ፣ በተለይም ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን ማሳየት ነው። እዚህም ሬዲዮው ያዛል። የሚታዘዙት ግን ጡረተኛው ናቸው።

ሩቅ ያለን ነገር በሞገድ ማዘዝ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ ላይ ሽቦ ያልተያያዘባት ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ያየ ሰው ጉድ ብሏል። ጀልባዋ የጎደላት አስተያየት ብቻ ነበር። የእኛ ጡረተኛ ትእዛዙን ይፈጽማሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም ይተቹታል።

አውሮፕላን ለምን አልሆነም ለሚል፣ አገሩ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር ተሠርታ፣ ጣሊያን ወስዷት ስትኖር፣ በጥር 2016 ተመልሳለች። ወልድያ ግን ዙሪያዋን ተራራ ነው፤ ለመሳፈር ወይ ላሊበላ ወይ ኮምቦልቻ መሄድ ግድ ይላል። በዚያ ላይ ያለፉት ዓመታት ካለፉ ወዲህ፣ ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሰምቶ ፈገግ የሚል ሰው በዚህ አካባቢ የለም። «መጫወቻ ነው» ብሎ ለጎረቤት ለማስረዳት የሚደፍር ሽማግሌም አላገኘንም።

ለዚህ ጥናት ሲባል ጡረተኛ ማለት 60 ዓመት ሞልቶት በሕግ «አርፈህ ተቀመጥ» የተባለ ሰው ነው። ናሙናችን አንድ ናቸው፤ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ «ጋሼ» እንበላቸው። ናሙናው አነሰ የሚል ካለ መርሳ ይውረድና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አጥር አጥሩን ይሂድ፤ ከየግቢው ያው አንድ ድምፅ ይቀበለዋል። የጡረታውን ቀመር ያስረዱን ራሳቸው ጋሼ ናቸው። 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ያስፈልጋል፤ ይኸውም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ፣ አንድም ቀን ሳያቋርጥ 60 የደፈነ ሰው ማለት ነው። ጋሼ በ22 ስለጀመሩ በ65 በመቶ ከፍታ ላይ ይገኛሉ።

አሁን ወደ መሣሪያው። ሬዲዮናቸው የድንጋይ መክደኛው ከጠፋ ቆይቷል፤ ድንጋዮቹን የያዘው የካልሲ ላስቲክ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጋሼም አጠገቡ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን አልተለየም። ጋሼን የሚያዛቸው ቦን ያለው የጀርመን ድምፅ ነው፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጫል። አጭር ሞገድ ሽቅብ ወጥቶ ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ስለሚመለስ የወልድያ ተራራ አይመልሰውም። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ሲያጋጥመው እንደማንኛውም መንገደኛ ይቆማል።

12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋሼ ማንም ሳይጠራቸው ከማንጎው ሥር ይነሣሉ። ለዜናው 10 ደቂቃ ሲቀረው ልጆች ዝም ይባላሉ፤ ዶሮዎችም ይባላሉ። ድምፁ ሲሸሽ አንቴናውን በሁለት ጣት ይይዙታል፤ ይጠራል። ሲለቁት ይሸሻል። ስለዚህ ሙሉውን ዜና ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ በአንድ እግር ወደ አጥሩ ዘመም ብለው ያዳምጣሉ። ላኪው ቦን ነው፤ ክንፉ መርሳ ነው።

ልጃቸው ከጅዳ ዘመናዊ ስልክ ልካላቸዋለች። ሬዲዮም አለው ይባላል። ከነፕላስቲኩ ብፌ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ይታያል።

ጥናታችን ሊጠናቀቅ ሲል ያልታሰበ ግኝት ገጠመን። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ልክ «አሁን ወደ ዜናው» ሲባል፣ ባለቤታቸው እትዬ ጓሮ ፍየል ሊያስገቡ ሁለቱን ድንጋዮች አውጥተው ባትሪ ውስጥ ከተቱ። ጋሼ ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀሩ።

«ሁለቱንም ነው እንዴ የወሰድሽው? አንዷን ብትተዪልኝ ምን ነበር?»

«አንዷስ ምን ትሠራልዎታለች? ሁለቱም ካልገቡ አይናገርም ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?» አሉ እትዬ ከጓሮ።

ከዚህ በመነሣት ዋናው መቆጣጠሪያ ቦን አለ የሚለውን መላ ምታችንን ለማሻሻል ተገደናል። የዕለቱን ዜና ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት ሰሙ። ጎረቤትየው ጡረታ ለመውጣት ገና 3 ዓመት ስለሚቀራቸው የመረጃው ጥራት አጠያያቂ ነው።