ልኩ አንድ፣ ግብሩ ለየቅል

ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኪና ካለው ሰው ይልቅ ድሪል ያለው ሰው ይታወቃል። ባለመኪናውን «አድርሰኝ» ለማለት ይሉኝታ ይይዛል፤ ባለድሪሉን ግን ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ ቀስቅሶ «ሁለት ቀዳዳ ብቻ ናት» ማለት ነውር የለውም። የእኔ ድሪል ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ያልሰቀለው መጋረጃ የለም። ስገዛው ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ በእናቱ ምሎልኛል። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ከአንድ የታወቀ ስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነበር።

ድሪሉን የጨረሰው የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ነው። ብሎኬት መስሎት የኮንክሪት ኮለን ላይ ገጠመው። ፑንታው አልገባ ሲለው በደረቱ ተደግፎ ገፋ። ማታ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝና «ትንሽ ሸተተኝ መሰለኝ፣ እስኪ እየው» አለ። ፌስታሉ ሳይፈታ ቤቱ በተቃጠለ ሽቦ ሽታ ታወደ።

ያን ሰሞን የባለቤቴ ወንድም ከሜሪላንድ መጥቶ እኛ ጋ አርፎ ነበር። «ለዚህ ነው እኔ ብራንድ የምገዛው» አለና ከሻንጣው የባትሪ ድሪል መዥረጥ አደረገ። «እዚህ የሚሸጥላችሁ 18 ቮልት ነው፤ ይሄ 20 ነው!» በእርግጥም እጅ ላይ ሲይዙት ደስ ይላል። ባትሪው ግን ባዶ ስለነበር ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰካው። የአሜሪካ ቻርጀር የለመደው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220። ጧ! ብሬከሩ ወደቀ፣ ሳሎኑ ጨለመ። ሁለት ድሪል አለን፣ አንድ ቀዳዳ የለንም። አማቴ ከጨለማው ውስጥ «መጋረጃ እንደሆን ድሮም በሚስማር ነበር የሚሰቀለው» አሉ።

በነጋታው ሁለቱንም ይዘን መርካቶ፣ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድን። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን አንስተው የእኔን ቀፎ ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ በካርቦን ብናኝ ጠቁሯል። የሞተሩን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከላይ መዳብ የመሰለው ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«አልሙኒየም ነው። መዳብ ቀብተውት ነው» አሉ። ከፊት በኩል ኩሽኔታ አለው፤ ከኋላ፣ ሌላ ኩሽኔታ መቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ የነሐስ ቀለበት ብቻ ተሸጉጧል።

ቀጥለው ከጠረጴዛ ሥር የታወቀ ስም ያለው የሞተ ድሪል ጎትተው አወጡና ኩሽኔታውን ነቀሉ። ከእኔው ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ላይ 608 ተጽፏል። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ልክ ነው፦ ቀዳዳው 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ የትም ይሠራ የት።

«ጋሼ፣ ልኩ አንድ ከሆነማ ስም ነው የሚሸጡልን ማለት ነዋ!» አለ አማቼ፣ ትናንት ብራንድ ሲሰብክ ያመሸው።

ጋሼ ሁለቱን ኩሽኔታዎች በየተራ በጣቶቻቸው ይዘው አሽከረከሩ። አንዱ ድምፅ ሳያሰማ ዞሮ ዞሮ ቆመ። የእኔው ጭርርር ብሎ ወዲያው ቀጥ አለ። «አንተ ልጅ፣ መግጠም ሌላ፣ መሥራት ሌላ። ሞተሩን እየነካ የሚያልቀው ካርቦንም እንደዚሁ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ካስተካከልከው የየትኛውም ድሪል ይገባልሃል። በጣም ከለሰለሰ ግን ቶሎ ያልቃል፤ በጣም ከጠነከረ ሞተሩን ይበላዋል።»

የ20 ቮልቱ ተራ ሲደርስ ሳቁ። ባትሪው ውስጥ በተርታ የተያያዙ አምስት ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ጢም ብሎ ሲሞላ 4 ቮልት ገደማ ነው፤ አምስቱ 20 ይሆናሉ። ሥራ ላይ ግን የሚቆጠረው 3.6 ነው፤ አምስቱ 18። ያው ባትሪ አሜሪካ ላይ 20፣ አውሮፓ ላይ 18 ተብሎ ይሸጣል። ከጎን ካለው ሱቅ የዚያኑ ብራንድ ባለ 220 ቻርጀር አስመጡና ባትሪውን ሰኩት፤ ቀጥ ብሎ ገባ፣ መብራቱም በራ። አማቼ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ስለ ቮልት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የብራንዱ ነገር ራሱ ግራ ያጋባል። ቀዩን ሚልዎኪ የሆንግ ኮንጉ ኩባንያ ቲቲአይ የገዛው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ አረንጓዴውን ሪዮቢም ለአሜሪካ ገበያ የሚያቀርበው እሱው ነው። ሆኖም የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይገባም። ዲዎልትንም ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1960 ገዝቶታል። ቦሽ ደግሞ ያንኑ ስም ይዞ ሰማያዊውን ለባለሙያ፣ አረንጓዴውን ቤቱን በራሱ ለሚጠግን ሰው ያመርታል። ባለቤቱ አንድ መሆኑ ዕቃውን አንድ አያደርገውም፤ ኩባንያው የትኛው መስመር ላይ ምን ያህል ወጪ እንደፈቀደ ነው ልዩነቱ። በተቃራኒው ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው ኤስዲኤስ የሚባለው የፑንታ አያያዝ ዛሬ የተቀናቃኞቹም ሆኗል፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዘንጉን ፑንታ ከየትም ገዝተው ይህን አያያዝ በሚቀበል በየትኛውም ብራንድ መዶሻ ድሪል ላይ ይሰኩታል።

የእኔ ድሪል በእውነተኛ መዳብ ተጠቅልሎ፣ በሌላ ሰው ካርቦንና በሞተው ድሪል ኩሽኔታ ተነሥቷል። ከኋላ ግን ቀፎው ሲሠራ የኩሽኔታ ቦታ ስላልተተወለት ያው የነሐስ ቀለበቱ ላይ ነው። ለብሎኬት ይሆናል፤ ለኮለን አላውሰውም።

እናንተም ድሪል ልትገዙ ስትወጡ ከሻጩ በፊት ጠጋኙ ጋ ጎራ በሉ። ሽቦው መዳብ ነው ወይ? ኩሽኔታው በሁለቱም ጫፍ አለ ወይ? ካርቦኑ ሲያልቅ ገበያ ላይ ይገኛል ወይ? ብላችሁ ጠይቁት። የአሜሪካ ዘመድ የባትሪ ድሪል ላምጣላችሁ ካለም እሰየው ነው፤ ድሪሉንና ባትሪውን ያምጣ፣ ቻርጀሩን ግን 220 መጻፉን አይታችሁ እዚሁ ግዙ።