ለድንኳን የተፈለገች ፒካፕ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ያገለገለ ፒካፕ ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኩንታል ልትጭንባት ነው?» ተብሎ ነው። ከዴንቨር የመጣው የአክስቴ ልጅ ግን የሚጭነው የለውም። ከኋላ ተሳቢ ሊያስጎትታት፣ ተሳቢው ላይ ድንኳንና ምድጃ ይዞ፣ ዩኔስኮ በ2012 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የሸካ ደን ዳር ሊያድር ነው ያሰበው። ደላላው በትዕግሥት አዳመጠና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከቤተሰብ ጋር ተጣልቶ ነው እንዴ?» አለኝ።

ጊዜው ለገዢ አይመችም። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለ ሀይሉክስ እያረጀ የሚወደድ ንብረት ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያዋ «የዶክተር መኪና» ነበረች፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት። ከአማን ይዘነው የሄድነው መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ሻንሲውን በጥፍሩ ቢፍቀው፣ አዲሱ ጥቁር ቀለም የተቀባው በደረቀ ጭቃ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ጫካ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የሁለተኛዋን ኮፈን ገና በማለዳ ስነካው ይፋጃል፤ ቀድመው አስነስተው አሙቀዋታል። «ፀሐይ ነው» አለ ባለቤቱ፣ ዣንጥላውን ከፍ እያደረገ።

ሦስተኛዋ ደብል ጋቢና፣ ሞተሯ ቱርቦ የሌለው ባለ 3 ሺህ ሲሲ «ፋይቭ ኤል» ናፍጣ። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ፈታና ገልብጦ እዚያው ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። የፒስተኑ ፋሻ ካለቀ ከታች የሚወጣው ትንፋሽ ክዳኑን ያስጨፍረዋል። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። ክዳኑ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘለለም።

የአክስቴ ልጅ በደስታ ስልኩን አወጣ። እንግሊዞች በ2003 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን አንዷን ሀይሉክስ ባሕር ሲያስውጧት፣ በሚፈርስ ሕንፃ አናት ላይ ሲያስቀምጧት፣ እሷም ተነስታ ስትሄድ አሳየው። መካኒኩ እስከ መጨረሻው አየና፣ «ሕንፃውስ ይሁን፤ የሸኮን ጭቃ አይታለች?» አለ።

የመጎተት አቅሟን እንፈትሽ ብንል ተሳቢ ከየት ይምጣ? ባዶዋን በሸኮ አድርገን ወደ ቴፒ ተነሣን። ባዶዋን ያልኩት ከከተማ እስክንወጣ ነው። ኅዳር ነው፣ የቡና ለቀማ ወቅት፤ መንገዱ ዳር እጅ የማያነሣ የለም። ባለቤቱ ሳያማክረን ያቆማል፣ ሰው ሳያመሰግን ይወጣል። ሙዝ በዘለላው፣ እሸት ቡና በጆንያ፣ ኮረሪማ፣ አንዲት ፍየል። የአክስቴ ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በኪሎ ማስላት ጀመረ፤ ለተሳቢው ካሰበው ክብደት በላይ ሲሆን ግን መደመሩን ተወው።

ወደ አንድ የቡና ማሳ የሚያስገባው አቀበት ሥር መካኒኩ ወርዶ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጁ ጠመዘዘ፤ ፎር ዊሉ በከባዱ ማርሽ ገባ። ፒካፗ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ባሌስትራዋ አቃሰተ፣ ወጣች። ከኋላ እልልታ ቀለጠ። «ዳገቱ የሚፈትነው ፍሪሲዮኑን ነው» አለ መካኒኩ፣ «ተሳቢ የሚገለብጥህ ቁልቁለት ላይ ነው። የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን ሳላይ ብር እንዳትሰጥ።» ከዚያ ሁሉ ቪዲዮ ይህች ምክር ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ሲመሽ የአክስቴ ልጅ ከተሳፋሪዎቻችን በአንዷ ግቢ ድንኳኑን መትከል ጀመረ። እትዬ ካስማውን ከእጁ ቀሙት። «እንግዳ ደጅ ያድራል? ሰው ምን ይለኛል!» ቤት አስገብተው ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የፈላ ጨሞ አጠጡን፤ የአክስቴ ልጅ በዕንባ ጠጣው። ሰማዩ ሲያጉረመርም እትዬ ወጥተው፣ ውኃ አያስገባም የተባለለትን ድንኳን ማድረቂያ አልጋ ላይ ለተሰጣው ቡናቸው አለበሱት። አንድ ፍሬ አልረጠበም። ፍየሏም መጎተቻው መንጠቆ ላይ ታስራ አደረች።

ጠዋት ለዋጋ ተቀመጥን። ባለቤቱ የጠራው ከትናንቱ ከፍ ብሏል።

«እንዴ፣ ተነጋግረን አልነበር?» አልኩ።

«እሱ ሳትጫን ነው፣ ጋሼ። አሁን ምን እንደምትችል በዓይናችሁ አይታችኋል።»

ደላላው በተጨመረው ላይ ኮሚሽኑን አስልቶ «እውነቱን ነው» አለ። የአክስቴ ልጅ ተሟግቶ ተሟግቶ ከጭማሪው ግማሹን አስቀነሰ፣ ሸራውን በሻጩ ወጪ አስቀየረ፣ ፈረመ። ቁልፉን ሲቀበል እትዬ ጆንያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ደርሰዋል፤ «ልጄ፣ ለገበያ በስንት ሰዓት ነው የምትነሣው?»