አንድም አቤቱታ ያልቀረበበት ጣቢያ

የመንገደኛ ባቡር አካል ጉዳተኞችን እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚለካው በቀረበው አቤቱታ ቁጥር ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ አንደኛ መውጣት ያለባት ዘመሮ ናት። የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር መንገደኛን ደረጃ ሥር አስቀርታ አታውቅም። የተበላሸ ሊፍት የለባትም። ዓይነ ስውር የሚስተው የመድረክ ጠርዝ፣ መስማት የተሳነው ሳይሰማ የሚያመልጠው ማስታወቂያ የለም። የጣቢያ ሠራተኛ አነሰን ብሎ ደብዳቤ የጻፈ ኃላፊም የለም። ባቡር የለማ! ይህች ትንሽ ጉድለት በይለፍ ከታየች የዘመሮ ሪፖርት እንከን አይወጣለትም፤ እንከን የማይወጣለት ሪፖርት ደግሞ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁሉ ምኞት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ከመንዝ ገደል ሥር ለተዘረጋው ቆላ ይገባል። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሀራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር 1.7 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ተራራውን ፈልፍሎ፣ ሐዲዱን አንጥፎ፣ ጣቢያዎቹን አቁሞ አብዛኛውን ሥራ ጨረሰ። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ነገር አጓተተው። ቀጥሎ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። መንገደኛ ጭኖ የሄደ ባቡር እስካሁን የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰውዬ ላሟን የሚፈልጋት አንጋጦ ነበር፤ መንዜው ግን ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ነው የሚፈልጋት። ለቁጥጥር ግን ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። በር ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ መንገደኛ የሌለው ጣቢያ ከየት ይገኛል?

ችግር የሚመጣው ባቡሩ መሄድ ሲጀምር ነው። ያኔ ሰው ልሳፈር ይላል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማዋ የተደሰተችው በምክንያት ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 39 ጣቢያዎችና እያንዳንዳቸው 286 ሰው ይጭናሉ የተባሉ 41 ባቡሮች ነበሩት። ባቡሮቹም ተራ ባቡሮች አይደሉም፤ ወለላቸው 70 በመቶው ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ማንንም ሳያስቸግር ከመድረኩ ወደ ባቡሩ ተንከባሎ እንዲገባ የታሰበበት ሥራ ነው። መሐንዲሶቹ ይመስገኑ። ከመንገደኛው የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድረኩ ላይ መገኘት።

መድረኩ ላይ እንዴት እንደሚደርስ የራሱ ጉዳይ ነው። ከጣቢያዎቹ ከፊሎቹ በድልድይ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ከመሬት በታች የገቡም አሉ። እዚያ ለመውጣትና ለመውረድ ደረጃ አለ። ሊፍትም ተገጥሟል። ሊፍቱ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ከውጭ ለመጣ እንግዳም ይጎበኛል፤ ብዙ ጊዜ የማያደርገው ነገር ቢኖር ወደ ላይ መውጣት ነው። መሬት ላይ ያሉት ጣቢያዎች ደግሞ በመንገዱ አካፋይ ስለሆኑ ወደነሱ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መኪና የሚከንፍበትን አስፋልት ማቋረጥ አለበት። በሐዲዱ ግራና ቀኝ የታጠረው አጥር ለደኅንነት ነው፤ በእርግጥም አካል ጉዳተኛውን ከባቡር አደጋ ሙሉ በሙሉ ጠብቆታል።

የመንግሥት ቁጥጥር ላልቷል የሚል ሰው ካለ ግን ሕጉን አላነበበም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ይናገራል፤ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የሚል ትራስም አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። መጸዳጃው በየቦታው ተሠርቷል፤ በሩ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል ተለጥፎበታል። በብዙ ቦታ ውስጡ መጥረጊያና ባልዲ ተቀምጦ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬም ለምሳ ወጥቷል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላ አጸደቀች። ሕጉ ለሁሉም ተደራሽ ነው። እሱ ጋ ለመድረስ ደረጃ መውጣት አያስፈልግም።

ስምምነቱ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ አንድ የማያመች ነገር ጽፏል። ስለ መወጣጫና ስለ ምልክት ብቻ ተናግሮ ቢያበቃ መልካም ነበር። እሱ ግን ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቦታዎች የሰው እገዛ፣ ማለትም መሪ፣ አንባቢ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር ይላል። ሰው! ኮንክሪት አንዴ ይፈስሳል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሳል። ሰው ግን በየወሩ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ይታመማል፣ ዓመት ፈቃድ ይወጣል፣ ፈረቃ ይቀያየራል። ከሁሉም የከፋው፣ ሰው አይመረቅም። በባቡር ጣቢያ ሊፍት አንቀሳቃሽን ወይም የባለ ዊልቸር ደጋፊን ሪባን ቆርጦ የመረቀ ባለሥልጣን ታይቶ አይታወቅም።

ስለዚህ በጣቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ትኬት ቆራጭና ጥበቃ ነው። ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። አካል ጉዳተኛውን ተሸክሞ ደረጃ የሚያወጣው ግን በመዋቅሩ ውስጥ የሌለ፣ በጀት የማይነካ፣ ጡረታ የማይጠይቅ አንድ የመንግሥት ሀብት ነው፤ ደግ መንገደኛ። ሁለት ጎረምሶች ወንበሩን፣ አንዱ ሰውየውን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። «ካልታዘልኩ አላምንም» አለች የተባለችው ሙሽራ የቀላል ባቡር ደንበኛ ሳትሆን አትቀርም። ጎረምሶቹ ከጠፉ ሰውየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጣቢያ ያልደረሰ ሰው ቅሬታ መዝገብ ላይ አይጽፍም፤ ያልጻፈ ሰው አልተቸገረም፤ ያልተቸገረ ሰው ተስተናግዷል። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ቀስ በቀስ ወደ ዘመሮ እየተጠጋች ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ41ዱ ባቡሮች ሥራ ላይ የነበሩት አስር እንኳ አይሞሉም ነበር። በመለዋወጫ እጦት የቆመ ባቡር ማንንም ጥሎ አይሄድም።

እንዲህ ያለው ቆጠራ የተጀመረው በባቡር አይደለም። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኢትዮጵያን አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ብቻ አድርጎ አገኛቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ ድርሻ 17.6 በመቶ ገደማ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሕዝብ በሐኪም ሳይሆን በቆጣሪ እርሳስ የተፈወሰ ነው። ከመቶ አንድ ለሚሆን ሰው ሊፍት ጠጋኝ ቀጥሩ ማለትማ ብክነት ነው።

ሠራተኛ በባቡር ጉዳይ ጨርሶ አይነሳም ማለት ግን ሐሰት ነው። የኢትዮ ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ሲጀምር ባቡሩን የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ስድስት ዓመት ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረከቡ። የአገር ልጅ ባቡር ሲነዳ ማየት ያኮራል፤ የማይኮራ ካለ ልቡ ድንጋይ ነው። ኩራቱ ሲበርድ የሚመጣው ጥያቄ ግን ትንሽ ነው። አሮጌው ባቡር ለገሃር፣ ከተማው እምብርት ላይ ነበር የሚያወርደው፤ አዲሱ ጣቢያ ከተማው ዳር፣ ለቡ ነው። እዚያ ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ፣ ሻንጣውን አስፈትሾ ባቡሩ በር ላይ የደረሰውን ባለ ክራንች የሚደግፈው በሥራ መደቡ ስሙ ማን ይባላል?

በታሪክም መንግሥት የባቡር ሠራተኛን አጥብቆ የፈለገበት ጊዜ አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ተባለና ሾፌሩ ታሰረ። ቁጥጥሩ ፈጣን ነበር። የመጣው ከአስከሬኑ በኋላ መሆኑ ነው እንጂ።

የሠለጠነው ዓለም በዚህ ረገድ ከኢትዮጵያ የሚማረው አለ፤ ለመማርም እየሞከረ ነው። እንግሊዞች በ2023 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የባቡር ጣቢያዎች ያሉትን ትኬት ቢሮዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሊዘጉ ተነሱ። ሰው በስልኩ ይግዛ፣ በመስኮት መቀመጥ ይቅር ተባለ። ነገር ግን አስተያየት ስጡ ብለው ሕዝቡን የመጠየቅ ስህተት ሠሩ፤ 750,000 ያህል መልስ ጎረፈ። ዓይነ ስውራኑና ባለ ዊልቸሮቹ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ትኬት ቆራጭ ብቻ እንዳልሆነ፣ መንገድ መሪያቸውና መወጣጫ ዘርጊያቸው እንደሆነ ተናገሩ። መንግሥት በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዕቅዱን ሰረዘው። በዓመቱ፣ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ.፣ የፓራሊምፒክ ጀግናዋና የጌቶች ምክር ቤት አባሏ ታኒ ግሬይ ቶምፕሰን ለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ደርሳ የሚያወርዳት ሠራተኛ በማጣቷ ከባቡሩ እየተሳበች ወረደች። አገር ጉድ አለ፤ የባቡር ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ቢሆን ይቅርታ አያስፈልግም ነበር። መሳብ ለመጀመር በመጀመሪያ ባቡሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ወደ መንዝ ሲመለሱ ግን ነገሩ ኋላ ቀር ነው። በዚያ ደጋ መንገድ በሌለበት መንደር እግሩ ያልሄደለት ወይም የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ መድረስ ሲኖርበት ሊፍት አይጠበቅም፤ ቃሬዛ ይወጣል። ቃሬዛው ምኑም አያስቀናም። ሁለት ረጅም እንጨት፣ መካከሉ የተወጠረ ጠፍር፣ በላዩ ባና። የምርት ቁጥር የለው፣ ዋስትና የለው። ነገር ግን ያንን እንጨት የሚሸከም ሰው አለ። ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ጥሩንባ ያስነፋል፤ አባሉ ከማሳው ነቅሎ ይመጣል፤ አራት አራት ሆኖ እየተቀያየረ ዳገቱን ያወጣል፣ ወንዙን ያሻግራል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው በዚያው ይታወቃል። የቀረ በቅሬው ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ምክንያቱ ካላጠገበ ይቀጣል። ከተደጋገመበት የራሱ ለቅሶ ዕለት ብቻውን እንዳይቀር ይፈራል።

የሠራተኛ ብዛት፣ ፈረቃ፣ የስም ጥሪ፣ ቅጣት። ይህን ያህል ቁጥጥር ያለ ስትራቴጂክ ዕቅድና ያለ ባነር መካሄዱ አስደንጋጭ ነው። አንድም ፊደል ያልቆጠረ ዳኛ የስምምነቱን ዘጠነኛ አንቀጽ ሳያነበው እየፈጸመው ይገኛል።

የሚመለከተው አካል ይህን የሰማ ዕለት ዝም አይልም። የልምድ ልውውጥ ቡድን ይቋቋማል። ውሎ አበል ይታሰባል፤ ሁለት ላንድክሩዘር በደብረ ብርሃን በኩል ዘመሮ ይገባሉ። እንግዶቹ ጠላ ይቀርብላቸዋል፣ ቃሬዛው ይወጣላቸዋል፣ በሜትር ይለካላቸዋል። የእንጨቱ ዓይነት፣ የጠፍሩ ስፋት፣ የባናው ክብደት ይመዘገባል፤ ከአንዱ ባለሙያ በስተቀር ሁሉም አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ እሱም ፎቶ አንሺው ስለሆነ ነው። ቡድኑ አዲስ አበባ ሲመለስ ባለ ብዙ ገጽ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም በጭብጨባ ይጸድቃል። በውሳኔው መሠረት ለ39ኙ የቀላል ባቡር ጣቢያዎች 39 ዘመናዊ ቃሬዛዎች በዓለም አቀፍ ጨረታ ይገዛሉ፣ ርክክብም ይፈጸማል። ተሸካሚዎቹን በሚመለከት የሥራ መደቡ በመዋቅሩ ስላልተካተተ ጉዳዩ በቀጣዩ በጀት ዓመት ይታያል።