ካልሲና ቀሚስ የሚያስለቅሱት ሰውዬ

ሰውዬው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ደረሰኝ ካላመጣለት የገዛ ወንድሙንም ወጪ አያወራርድም። የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥም እሱ ስለሆነ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳንና ወንበር ሲቆጣጠር ይውላል እንጂ እንባ ጠብ አይለውም። ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሆስፒታል ዘጋቢ ፊልም ሲጀመር ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሚስቱ «አጎትህ ሲቀበር እንኳ እንዲህ አልሆንክም!» ትለዋለች። ልጁ ደግሞ «አባዬ፣ ገና የሠሪዎቹን ስም እያሳዩ እኮ ነው» ትላለች።

ነገሩን ያባሰው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ነው። ፌስቱላ ያለባቸው አምስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከየገጠራቸው ተነስተው አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል እስኪደርሱ፣ ከዚያም እስኪታከሙ ይከተላቸዋል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ኢትዮጵያ የገቡት በ1959 ነበር፤ ለሦስት ዓመት ሥራ። ሆስፒታሉን በ1974 ከፈቱ፤ ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። «ኮንትራት ማራዘም እንዲህ ነው!» አለ የሒሳብ ሠራተኛው፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

የበሽታውን ነገር ጥርሱን ነክሶ ይሰማል። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲቀደድ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ባል ይሄዳል፣ ጎረቤት ይሸሻል። በ1962 ለመታከም መጥተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሐኪሞቹ ጎን ቆመው በመማር ራሳቸው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ስለሆኑት ስለ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሲሰማም ጉሮሮውን ይጠራርጋል እንጂ እጁን አይሰጥም።

ድና ወደ አገሯ የምትመለስ ሴት አዲስ ቀሚስ እንደሚሰጣት ሲያውቅ ግን አለቀለት። ደሙንና መርፌውን የቻለ ሰው በአንድ ቀሚስ ተረታ።

ዘጋቢ ፊልም መዘዙ ብዙ ነው። ሁለት ሦስቱን ካየ በኋላ ሰውዬው ጎረቤት ሲያስነጥስ ማዘዣ መጻፍ ይቃጣዋል፤ የራሱን የልብ ምትም በየደረጃው ላይ ቆሞ ይቆጥራል። በሽታው ግን የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጄሮም ኬ. ጄሮም በ1889 ባሳተመው የጀልባ ጉዞ ቀልዱ፣ ተራኪው ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቶ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ያገላብጥና ያለው በሽታ ሁሉ እንዳለበት ይደርስበታል። የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ወለል ሲፈትጉ የሚውሉ የቤት ሠራተኞችን ጉልበት የምታሳብጠው። እሷ በመቅረቷም ቅር ይለዋል።

ሃሪ ፖተር ቤቱ የገባው ደግሞ በቁጥጥር ስም ነው። «ልጄ የምታነበውን ማወቅ አለብኝ» ብሎ አንደኛውን መጽሐፍ ወሰደ፤ ከ1997 እስከ 2007 የወጡትን ሰባቱንም ሳይጨርስ አልመለሰም። ጠንቋዩን፣ ዘንዶውን፣ ትምህርት ቤቱን በእርጋታ አለፋቸው። የጣለው ዶቢ ነው። ዶቢ ያረጀ የትራስ ልብስ ለብሶ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ፍጡር ነው፤ ነጻ የሚወጣው ጌታው ልብስ ሲሰጠው ብቻ ነው፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ሃሪ በዘዴ አንዲት ካልሲ እንዲደርሰው ያደርጋል። በሰባተኛው ጓደኞቹን ሲያድን በቢላ ይሞታል። ሃሪ አስማቱን ትቶ መቃብሩን በአካፋ ይቆፍራል፤ ጓደኛው ሮን ደግሞ የገዛ ካልሲና ጫማውን አውልቆ ያለብሰዋል።

እንግዲህ እዚህም ልብስ! ልጁ ደነገጠች። «አባዬ፣ ዶቢ እኮ በዓለም ላይ የለም።»

«ያለ ደመወዝ ማገልገሉን እኮ ነው የማወራው» አላት።

ብቻውን አይደለም። የመጽሐፉ ፊልም ሲሠራ የዶቢ ሞት የተቀረጸበት፣ ዌልስ ውስጥ የሚገኘው ፍሬሽዋተር ዌስት የባሕር ዳርቻ ላይ አድናቂዎች የመቃብር መታሰቢያ ሠርተውለታል፤ ቀለም የተቀቡ ድንጋዮችና ካልሲዎችም ይተዉለታል። ቦታውን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት በ2022 መታሰቢያው እንዲቆይ ፈቅዶ፣ ካልሲውና የቀለሙ ፍርፋሪ ባሕር ገብቶ እንስሳቱን እንዳይጎዳ ጎብኚዎች ምንም ሳይተዉ ፎቶ ብቻ አንስተው እንዲሄዱ ለመነ።

ሰውዬው ውሳኔውን በሙሉ ልቡ አጸደቀ። ጥቂት አሰብ አድርጎ ግን ልጁን ጠራት። «ለመሆኑ እስካሁን የተዉለት ጥንድ ጥንድ ነው ወይስ አንድ እግር? በሁለተኛው መጽሐፍ የተመዘገበው አንድ እግር ነው።»