ኮቱ ግን ገብቷል

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ጉዳይ ይዞ የቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በቃሉ የሚያጠናው ግድግዳውን ነው። ሌላ ምን ሥራ አለው? እኔም 12ቱን የሥነ ምግባር መርሆዎች የለመድኳቸው ቆሜ ነው። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር ጠባቂነት፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት እያሉ ይወርዱና «በአርአያነት መምራት» ላይ ያርፋሉ። በመስታወት ተለብጠው፣ ወርቅማ ክፈፍ ተበጅቶላቸው፣ አልፎ አልፎም የሸረሪት ድር ተደርቦላቸው ተሰቅለዋል። ከሥራቸው ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ኮት።

ኮቱ በሰዓቱ ገብቷል። ባለቤቱ የት እንደሄዱ ከጠየቃችሁ አጠገብ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «አሁን እዚህ ነበሩ፤ ኮታቸው አለ አይደል?» ትላችኋለች። አለ። ማንም አልካደም።

ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው፣ ከመርሆዎቹ አብዛኞቹን የሚያሟላ ሠራተኛ ቢፈለግ ይህን ኮት የሚያህል አይገኝም። ምስጢር ይጠብቃል፤ ከእሱ የወጣ ወሬ የለም። አድልዎ አይፈጽምም፤ ባለመኪናውንም በእግሩ የመጣውንም እኩል አያስተናግድም። ባለጉዳይ ላይ ጮኾ አያውቅም። ለስብሰባ ብሎ ወንበሩን አይለቅም። ለውጥ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል፤ ሚኒስትሮች ሲቀያየሩ፣ የመሥሪያ ቤቱም ስም ሲቀየር እሱ ያው ግራጫ ኮት ነው።

አንዳንድ መሥሪያ ቤት ይህን ነቅቶበት የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ ገጠመ። ግሩም መላ ነበር። አሁን ጠዋት ጣት ይገባል፣ ማታ ጣት ይወጣል፤ በመሀል ያለውን ሰዓት ኮቱ እንደ ድሮው ይሸፍናል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ተከፍቷል። አንድ ወዳጄ አቤቱታ ይዞ የአንዱን መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ሊያነጋግር ሄዶ «ሥልጠና ላይ ናቸው» ተብሎ ተመለሰ። የምን ሥልጠና እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈረም።

ጠባይን በዝርዝር ማስቀመጥ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1723 እ.ኤ.አ.፣ በ17 ዓመቱ ከቦስተን ወደ ፊላደልፊያ የኮበለለ የማተሚያ ቤት ተለማማጅ ነበር። ኋላ ሀብታም አታሚ ሆኖ በ42 ዓመቱ የዕለት ተዕለቱን የንግድ ሥራ ለሸሪኩ ትቶ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ይህ ሰው በወጣትነቱ አንድ ቀን ፍጹም ሰው ልሁን ብሎ ተነሣ። ቀልዱን አልነበረም። መጠን ማወቅ፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ቁርጠኝነት፣ ቁጠባ፣ ትጋት እያለ 12 ጠባዮችን ጻፈ። አዎ፣ 12፤ ልክ እንደ ግድግዳችን። ዝርዝሩን ያየ አንድ ወዳጁ ግን ሰው ሁሉ ትዕቢተኛ እንደሚለው በደግነት ነገረው። ፍራንክሊንም ነገሩን አሰበበትና ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመረ።

የእኛም ዝርዝር 13ኛ አለው። ክፈፍ አልተሠራለትም እንጂ ከ12ቱ ይልቅ በቃል የሚታወቀው እሱ ነው፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። «ልጄ፣ የሰው ገንዘብ እንዳትነካ» ብላ ያሳደገች ዘመድ፣ ልጁ የተሾመ ዕለት ዶሮ ሠርታ፣ እልል ብላ፣ በሦስተኛው ወር «ይኸው እስከ ዛሬ ቤት እንኳ አልሠራም፤ ምን ዓይነት ሞኝ ነው?» ትላለች። ሁለቱም ምክሮች ከአንድ አፍ፣ በአንድ ዓይነት ፍቅር የወጡ ናቸው። ልጁ የትኛውን እንደሚሰማ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሠርጉ የተጠራው ሰው ብዛት ነው።

ወደ ፍራንክሊን ልመለስ፤ የሚያስቀው ክፍል ገና ነው። ሰውየው ትንሽ ደብተር አሰመረ። በአግድም ሰባቱን ቀናት፣ በቁም 13ቱን ጠባዮች አደረገ። ማታ ማታ ራሱን ይመረምርና ባጠፋበት ላይ ጥቁር ነጥብ ያኖራል። ለእያንዳንዱ ጠባይ አንድ ሳምንት፤ በ13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር። ያለፈውን ዙር ነጥብ እየፋቀ አዲስ ሲያስገባ ወረቀቱ ተበሳሳ። ሲቸግረው ከዝሆን ጥርስ በተሠሩ ቀጫጭን ገጾች ላይ አሰመረና ነጥቡን በእርጥብ ስፖንጅ ያብስ ጀመር። የጥፋቱን ብዛት እዩት! ግን ደግሞ ደብተሩ የሚገለጠው ወደ ራሱ ነበር። የእኛ ዝርዝር የተሰቀለው ፊቱን ወደ ባለጉዳዩ አዙሮ ነው፤ ሠራተኛው ቢቀመጥ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቀመጠው። ነጥብ ማስቀመጫ ቦታም አልተተወለትም። ቢተውለትማ ኮሪደር ላይ የቆምነው እስክርቢቶ አናጣም ነበር።

ፍራንክሊንን ጻድቅ ላደርገው አልፈልግም። ስምንተኛው ጠባዩ ፍትሕ ሆኖ ሳለ ለረጅም ዘመን ባሪያዎች ነበሩት፤ ባርነትን የሚቃወመውን ማኅበር የመራው በእርጅናው ነው። ታይታም አልጠላም። የገዛውን ወረቀት በአንድ እግር ጋሪ እየገፋ በአደባባይ የሚያልፈው ሰው ትጋቱን እንዲያይለት ጭምር መሆኑን ራሱ ጽፏል። ዛሬ ቢሆን ጋሪውን እየገፋ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ይገባ ነበር። ከሁሉ ያቃተው ደግሞ ሥርዓት ነበር፤ ዕቃን በቦታው፣ ሥራን በሰዓቱ ማድረግ። በዚህ ተስፋ ሲቆርጥ አንድ ተረት ይነግረናል። አንድ ሰው መጥረቢያ ሊገዛ ሄዶ፣ ስለቷ እንደሚያበራ ሁሉ ገላዋም በሙሉ እንዲያበራ ፈለገ። አንጥረኛው «እሺ፤ አንተ የመሳያ ድንጋዩን አዙር፣ እኔ ልሳላት» አለው። ሰውየው አዞረ፣ አዞረ፣ ላቡ ጠብ አለ። በየመሀሉ እየመጣ ያያታል። በመጨረሻ «በቃ፣ እንዳለች ልውሰዳት» አለ። «ገና እኮ ዥጉርጉር ናት» ቢለው «እኔ እንዲያውም ዥጉርጉሯን ነው የምወደው» ብሎ ተሸክሟት ሄደ።

እኛ ዘንድ ቢሆን ይህ ሰው ቤቱ አይገባም ነበር። አዳራሽ ተከራይቶ ስለ መሳል ያሠለጥናል።

የስኬት ሥልጠና ታድማችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ባነሩ «ሕይወትዎን በአንድ ቀን ይቀይሩ!» ይላል። የመግቢያ ትኬቱ ላይ «እሑድ ከጠዋቱ 2:30» ተጽፏል። አምኖ በ2:30 የተገኘ ሰው የሚያገኘው ወንበር የሚደረድሩ ልጆችንና «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» የሚል ድምፅ ማጉያ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ይሞላል። መድረክ መሪው «ለዘገዩት ወንድሞችና እኅቶች ቦታ እንልቀቅ፤ እስኪ ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» ይላል። ቀድሞ የመጣው ተነሥቶ፣ ጠጋ ብሎ፣ አጨብጭቦ ዘግይቶ የመጣውን ይቀበላል። የመጀመሪያው ርዕስ የጊዜ አጠቃቀም ነው። እውነት ለመናገር ያን ቀን ስለ ጊዜ አንድ ነገር ተምሮ የሚወጣው በ2:30 የመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አይለምደውም።

አሠልጣኙ ሱፍ ለብሷል፣ ጆሮው ላይ ማይክ አለ። «ወደ ጎንህ ዙርና ‘አንተ አሸናፊ ነህ’ በለው!» ይላል። ጎኔ ያለው ሰው ዞሮ አሸናፊ መሆኔን በጋለ ስሜት አረጋገጠልኝ፤ ከዚያ እስክርቢቶ አበድረኝ ብሎ ይዞት ሄደ። በሩ ላይ መጻሕፍት አዟሪው ይጠብቃል። ስለ ሐቀኝነት የሚናገር የታወቀ የስኬት መጽሐፍ ትርጉም፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ፣ ከዋጋው በግማሽ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአዟሪው አልደረሰው ይሆናል። ገዢዎቹ ግን ከአዳራሹ አሁን የወጡ፣ ስለ ሞራል ልዕልና ማስታወሻ የያዙ ሰዎች ናቸው። ሐቀኝነት ያለበት ምዕራፍ ቀለሙ ደብዝዞ አይነበብም አሉ። ገዝቼ አላረጋገጥኩም፤ ላንብበው ብዬ ግን አገላብጬዋለሁ።

በሥልጠናው መሀል ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሳይጠራ አይቀርም። ይቻላል! ይባላል፤ አዳራሹም ይቻላል! ብሎ ይመልሳል። ጣሪያው እስኪነቃነቅ። የሲድኒው የ10,000 ሜትር ውድድር ይተረካል፦ መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ቀጥታ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ከፊት፣ ኃይሌ ከኋላ፣ ከዚያ በዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ቀድሞ ማሸነፍ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ እኔም እንባዬ አይደርቅልኝም። ሆኖም ተረኩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ዙር ነው። አሰላ አካባቢ መጽሐፉን በግራ ብብቱ ሸጉጦ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት የሮጠው ልጅ፣ በዓለም አደባባይ ሲሮጥ እንኳ ግራ ክንዱ ያን መጽሐፍ እንደያዘ መቅረቱ፣ ሌላው በተኛበት ሰዓት እንጦጦን የወጣባቸው ስም የለሽ ማለዳዎች ለጭብጨባ አይመቹም። «ይቻላል» የምትለዋን ቃል ወሰድናት። ሩጫውን ለእሱ ተውንለት፤ ያውም በደስታ።

እኔ ግን መሥራትና መታመን አብረው ሲኖሩ ማየት ለሚፈልግ ሰው አዳራሽ አላሳየውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እቁብ የሚጣልበት ሻይ ቤት ልወስደው እችላለሁ። እዚያ ግድግዳው ላይ ያለው የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ነው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ነው ብሩን የሚቆጥረው፤ የበላ ሰው እግሩ እንደሚከብድ አባቶች ያውቃሉና። የዘገየ ይቀጣል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ቅጣቱ ላይ የተከራከረ ደግሞ ለክርክሩ ይቀጣል። ማንም የማንንም ልብ አያምንም። ስለዚህ ይተማመናሉ። ፍራንክሊን ያን ደብተር ቢያየው በደንብ ይገባው ነበር፤ ልዩነቱ እሱ ነጥቡን በራሱ ላይ ማስቀመጡና እዚህ ጸሐፊው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ማስቀመጣቸው ብቻ ነው።

ይህች ደብተር ከሻይ ቤቱ ትወጣለች፤ በወረቀት ሳይሆን በወሬ። መርካቶ ውስጥ በጅምላ ነጋዴው መደብር በር ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ተለጥፎ ታያላችሁ። ውስጥ ግን ቸርቻሪው ዕቃውን አስጭኖ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ፣ «ስሸጥ እከፍላለሁ» ብሎ ይሄዳል። ባለመደብሩ ስሙን ይጽፋል፣ ያ ብቻ ነው። ይህ ቸርቻሪ ባለፉት ዓመታት ስንት እሑድ በሰዓቱ እንደጣለ፣ ቤቱ ሐዘን በገባበት ሳምንት እንኳ ልጁን ልኮ እንዳስጣለ ያውቃል። መርካቶ ገዳም ነው አላልኩም። ሚዛን ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሞልቷል፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚጨምርም አልጠፋም። ግን እነሱ በየጊዜው አዲስ ገዢ ፍለጋ ሠፈር ሲቀይሩ፣ ያ ቸርቻሪ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሱቋ ወደ ጎን ስትሰፋ አይቻለሁ። ለሥልጠና መድረክ ቢጋበዝ ምን እንደሚል አላውቅም። «ሱቁን ማን ይጠብቃል?» የሚል ይመስለኛል።

እኔ ባለሁበት እቁብ በቅርቡ አንድ ወጣት አንድ ሰዓት አርፍዶ ገባ። ከረባት አስሯል፣ በብብቱ በፕላስቲክ የታሸገ ሰርተፍኬት ይዟል፣ ፊቱ በርቷል።

«አንተ ልጅ» አሉት ዳኛው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ጋሼ፣ የስኬት ሥልጠና ላይ ነበርኩ። የጊዜ አጠቃቀሙ ክፍል ረዘመብን።»

«ይሁን። ቅጣቱ መቶ ብር ነው። የሳምንቱንስ ይዘሃል?»

«የሳምንቱን ለሥልጠናው ከፈልኩት፤ ጋሼ፣ በራስ ላይ ኢንቨስት ማድረግ ነው። ሁለቱንም ከዕጣዬ ላይ ይቀነስልኝ።»

ጸሐፊው ምላሳቸውን ነክተው ደብተሩን ገለጡ። ጣታቸው በመስመሩ ወርዶ ወርዶ ቆመ።

«ዕጣህን እኮ ጥቅምት ላይ በልተሃል፣ ልጄ።»

ሻይ ቤቱ ዝም አለ። ዳኛው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ዋስህን ጥራ» አሉት።

«እሱም እዚያው ሥልጠና ላይ ነው፣ ጋሼ።»