ቀብር የቀረ ስንት ይቀጣል?

አክስቴን ዘመድ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። በሰፈራቸው የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ደብተሩ ከእጃቸው ወጥቶ አላየሁም። ድንኳኑ የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ የትኛው ብረት ድስት ክዳኑን ማን ቤት ጥሎ እንደመጣ፣ ማን «አሞኝ ነው» ብላ ከቀብር ቀርታ በማግሥቱ ሠርግ ቤት እስክስታ ስትመታ እንደታየች፣ ሁሉን በቃላቸው ይዘውታል።

እኔን ሊጠይቁ ቪየና የመጡ ሰሞን የቸገረኝ ምን እንደማሳያቸው ነበር። ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ወስጄ ከ1,400 በላይ ክፍሎች እንዳሉት ብነግራቸው «ኧረ ማን ጠርጎ ይጨርሰዋል?» ብለው ለሠራተኞቹ አዝነው ወጡ። ኦፔራ ቤቱን ከውጭ አይተው «ደግ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጦ ቡና ማፍላት ይሻለኛል ብለው አረፉት።

እንደ ዕድል ያ ሳምንት ሙዚየሞች ሌሊት የሚከፈቱበት ሆነ። ሐሳቡን በ1997 የጀመሩት በርሊኖች ናቸው (እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ኦስትሪያ ውስጥ ከ2000 ወዲህ የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ እኛ መስቀልን ሸኝተን ስናበቃ መሆኑ ነው፣ ያዘጋጀዋል። አንድ ቲኬት ገዝቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እግር እስኪዝል ከአንዱ ሙዚየም ወደ ሌላው መዞር ነው። ቀን ሙዚየም የሚገባ ሰው ፊቱን አኮሳትሮ፣ መማር አለብኝ ብሎ ይገባል። ሲመሽ ግን ጥበቃው ሳይቀር ጨዋታ ያምረዋል፤ ያልገባህን ብትጠይቅ የሚታዘብህ የለም። እኔ ደግሞ ታላላቆቹን ሥዕል ቤቶች ለሰልፈኛው ትቼ ወደ ግራ የሚያጋቡት ነው የምሄደው። ቪየና ደግሞ በዚህ አትታማም።

ዝርዝሩን ለእትዬ አነበብኩላቸው። ሉል ብቻ የሚታይበት ሙዚየም አለ። «አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል» አሉ። የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ሙዚየም አለ። «ጥላሸት ለማየት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ?» ተመሳስለው የተሠሩ፣ ሐሰተኛ ሥዕሎች ብቻ የተሰበሰቡበትም አለ። «ሐሰተኛ ዕቃ ለማየት ልከፍል? መርካቶ በነጻ አየው የለም እንዴ!» በዚህ መካከል፣ ልዘለው አስቤ ሳለ፣ «የቀብር ሙዚየም» የሚለው ካፌ አመለጠ።

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ምን አልክ?»

«የቀብር ሙዚየም። የሬሳ ሳጥን፣ ሠረገላ፣ የቀባሪዎች ልብስ…»

«ድንኳንስ?»

«እሱን እንጃ።»

«ነጠላዬን አቀብለኝ» አሉ።

ሙዚየሙ የሚገኘው በከተማይቱ ዋና መካነ መቃብር ግቢ ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው 71 ቁጥር ትራም ነው፤ የቪየና ሰው «እገሌ ሞተ» ማለት ሲከብደው «71ን ተሳፈረ» ይላል። ይህን ወግ እዚያው ትራሙ ውስጥ ጀመርኩላቸው።

«ሳንሳፈር አትነግረኝም ኖሯል?» ብለው አማተቡ።

አባባሉ ከመሬት አልተነሣም። በ1918 እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ እዚህም ገብቶ ሰዉን ሲያረግፈው፣ ሬሳ የሚያጓጉዝ ትራም ሌሊት ሌሊት በዚህ ሐዲድ ይመላለስ ነበር። እትዬ በሽታውን ከአያታቸው አፍ ሰምተውታል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለው ሰፈሩን በጭስ ሳያጥኑ ውለው አያውቁም። «እኛ ጭስ አጨስን፣ እነሱ ትራም አሰማሩ» አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ለነገሩ ትራም ቢኖረን እኛም አንጠላም ነበር» ብለው ጨመሩ።

መካነ መቃብሩ በ1874 ነው የተከፈተው። ስፋቱ ወደ 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ግቢው ውስጥ አውቶቡስ ይመላለስበታል። ቤትሆቨን፣ ሹበርትና ብራምስ ጎን ለጎን ተኝተውበታል። በከተማይቱ በሕይወት ያለው ሰው ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሲሆን እዚህ የተቀበረው ሦስት ሚሊዮን ያህል ነው። ቪየናዎች የዙሪክን ከተማ ግማሽ ያህላል፣ ከዙሪክ ግን ሁለት እጥፍ ያስቃል እያሉ ይቀልዱበታል። ቁጥሩን ስነግራቸው እትዬ ቆሙ። ለሟቾቹ ያዘኑ መስሎኝ ነበር።

«ሦስት ሚሊዮን» አሉ በለሆሳስ። «እስቲ አስበው፣ የወር መዋጮውን!»

ሙዚየሙ በሁለተኛው በር በኩል፣ አስከሬን ከሚሸኝበት አዳራሽ ሥር፣ ምድር ቤት ነው ያለው። በ1967 ከተማ ውስጥ ተከፍቶ ቆይቶ ወደዚህ የተዛወረው በ2014 ነው። ያን ምሽት ወጣቱ ግጥም ብሎ ሞልቶታል፤ ይሳሳቃል፣ ፎቶ ይነሣል። አስጎብኚያችን ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እሳቸው በጀርመንኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ እትዬ በአስተያየት ተያያዝነው።

ቪየናዎች በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያማረ ቀብር ይወዱ ነበር፤ ዛሬም አልተዋቸውም። ሰው ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ለአንድ ቀን ሽኝት ያውለው ነበር። ቀብር እንደ ባቡር ማዕረግ ነበረው። አንደኛ ማዕረግ የከፈለ ፈረሶቹ ጥቁር ይለብሱለታል፣ ፋኖስ የያዙ ሰዎች ያጅቡታል፤ የድሀው ቶሎ ይሸኛል። በ1867 የመጀመሪያው የቀብር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ገበያው ሲደራ ሌሎችም ገቡበትና ለቀስተኛው ቤት በር ላይ ደንበኛ መሻማት መጣ። በ1907 ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን በእጁ አደረገው። እትዬ የፈረሱን ልብስ ጥልፍ በመነጽር መረመሩ። «ልፋት ነው» አሉ። «ግን ሰው የት አለ? ፈረስ፣ ፋኖስ፣ ጥልፍ… ሰው አላየሁም።» ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

የቤቱ ዝነኛ ዕቃ የዳግማዊ ዮሴፍ ሳጥን ነው። ይህ ንጉሠ ነገሥት ቆጣቢ ነበር። በ1784 ባወጣው ደንብ ሬሳ በጆንያ ተሰፍቶ፣ ከሥሩ በሚከፈት የጋራ ሳጥን ወደ መቃብር እንዲወሰድ አዘዘ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ መወርወሪያው ይሳባል፣ ሬሳው ቁልቁል ይወርዳል፣ ሳጥኑ ለሚቀጥለው ሟች ይመለሳል። እንጨት ይድናል፣ ሬሳውም ቶሎ አፈር ይሆናል። ሕዝቡ ግን አገር ይያዝልኝ አለ። ንጉሡም ብዙ ሳይቆይ ደንቡን ሻረ። አስጎብኚው እዚህ ላይ ሲደርሱ ጎብኚው ሁሉ ይዘገንነዋል፤ የለመዱት ነውና ቆም ብለው ይጠብቃሉ። ሁሉም «እፍ!» አለ። እትዬ አላሉም።

«ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ማ?»

«ንጉሡ ነዋ! በአያቶቻችን ጊዜ ሬሳ በሰሌን ተገንዞ፣ በአልጋ ተሸክመውት ሄደው፣ እሱ ጉድጓድ ሲገባ አልጋው ቤቱ ይመለስ የለም እንዴ? በዚያው አልጋ ሰው ይተኛበታል። ሳጥን ያመጣነው ትናንት ነው። የናረው እንጨት ይኸው እድሩን አራቆተው። ንገራቸው፣ ደግ ንጉሥ ነበር በላቸው።»

ነገርኳቸው። እኚያ ሰው ለዮሴፍ የቆመ ጠበቃ ያዩት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ የጢማቸውን ጫፍ ይዘው «በአልጋ?» ብለው ደጋግመው አስጠየቁኝ።

ቀጥሎ ያለው የፍርሃት ጥግ ነው። ያን ዘመን ሰው ከሞት ይልቅ ሳይሞቱ መቀበርን ይፈራ ነበር። ኔስትሮይ የሚባለው ቲያትር ጸሐፊ ዕድሜውን ሰው ሲያስቅ ኖሮ ኑዛዜው ላይ ከሞት የምፈራው ይህን ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። ደራሲው ሽኒትስለር ደግሞ ከሞትኩ በኋላ ልቤን ውጉልኝ ብሎ ተናዟል፤ ሐኪሞች ለዚሁ ይጠቀሙበት የነበረ ቢላ እዚያ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ከጎኑ ደወል አለ። አስከሬኑ ከመቀበሩ በፊት እጁ ላይ ገመድ ይታሰርና ጫፉ ጠባቂው ክፍል ካለ ደወል ጋር ይያያዛል። ሟቹ ከነቃ ገመዱን ይስባል፤ ጠባቂው ይሮጣል።

እትዬ በዚህ አልተደነቁም። «ምን ገመድ ያስፈልገዋል? ጡሩምባ ተነፍቶ፣ አልቃሽ መጥታ፣ ያ ሁሉ ሙሾ ወርዶ፣ እህቶቹ ደረት ደቅተው… ይህን ሁሉ ሰምቶ ያልነቃ በእውነት ሞቷል።»

ከዚህ በኋላ ነው ሰልፉን ያየነው። አዳራሹ ጥግ ሃያ የሚሆን ወጣት ተደርድሮ ይሳሳቃል።

«ንፍሮ ነው?» አሉ እትዬ።

ንፍሮ አልነበረም። ክዳኑ የተነሣ፣ ውስጡ ነጭ ሐር የለበሰ እውነተኛ የሬሳ ሳጥን ተቀምጦ ሰው ተራ በተራ እየተጋደመ ይሞክረዋል። የዚያ ሌሊት ዋና መስሕብ ይኸው ነው፤ ጓደኛ ፎቶ ያነሣል፣ ተራው የደረሰ ጫማውን ያወልቃል። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አማረኝ። ገና አንድ እግሬን ወደ ሰልፉ ሳነሣ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት? ለእናትህ ምን ልላት ነው? ልጅሽን ሳጥን ውስጥ አየሁት ልበላት? አፈር በበላሁ!»

ተመለስኩ። እሳቸው ግን አልተመለሱም። ሰልፉን አልፈው በቀጥታ ሳጥኑ ጋ ሄዱ። እጀታውን ይዘው ነቅነቅ አደረጉት። ማጠፊያውን ዳሰሱ። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ጣውላ አዩ። ከዚያም ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጎኑን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረጉት። ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የተጋደመች አንዲት ልጅ ነበረች። ኳ ኳ ሲል ዓይኗን ብትገልጥ ነጭ ነጠላ የተከናነቡ ባልቴት አፍንጫዋ ሥር አሉ። የጮኸችው ጩኸት ቤትሆቨን ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ እሱ እንኳ በሕይወቱም ጆሮው ከብዶት ነበር።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱም ከሳጥኑ ወጥታ ሳቀች፤ እትዬን አቅፋ ፎቶ ተነሣች። አስጎብኚው እየሮጡ መጡና እኚህ እመቤት ማን ናቸው ብለው ጠየቁኝ። እድርን በአንድ ትንፋሽ በጀርመንኛ እንዴት ልተርክ? «በዚሁ ሙያ ያሉ ናቸው» አልኩ። የሰውዬው ፊት በራ። ወንበር ሳቡላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ባለሙያዎች ውይይት ነው፤ እኔ ምላስ ብቻ ነበርኩ። አስጎብኚው ስለ ቀብር ኢንሹራንስ አስረዱ፤ የከፈለ ሰው ሲሞት ከአበባው እስከ ሙዚቃው የተሟላ ይሆንለታል። እትዬ ስለ ወር መዋጮ፣ ስለ ጡሩምባ ነፊው፣ ስለ ድንኳን ተካዩ፣ ለሐዘንተኛ ወጥ ስለሚሠሩት ተረኞች ነገሩ። «ለቀስተኛውስ?» አሉ ቀጥለው። ሰውዬው አልገባቸውም። «የሚያለቅሰው፣ የሚያስተዛዝነው ሰው በኢንሹራንሱ ውስጥ አለበት ወይ?» አስጎብኚው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከተሸካሚዎቹና ከቄሱ በቀር አንድም ሰው የማይቆምበት ቀብር እንዳለ ተናገሩ። አንዳንዴ ቄሱም አይኖርም።

እትዬ ፈጽሞ አላመኑም። መልሼ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ጠየቅሁ። ያው ነው።

«ቆይ፣ ቀብር የቀረ ስንት ነው የሚቀጣው?»

«አይቀጣም አሉ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ታዲያ ማን ይመጣል!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። የእሳቸው እድር ቅጣት ለቀብር የቀረ፣ ለሠልስት የቀረ፣ ስብሰባ ያረፈደ እየተባለ ተለይቶ ተጽፏል። ይህን አንድ በአንድ አስተረጎሙኝ። አስጎብኚው ከሙዚየሙ መጽሔት ጀርባ ላይ ይጽፉ ጀመር፤ ወጣቶቹም ሳጥኑን ትተው ከበቡን። በመጨረሻ ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ነገር ጠየቁ፤ እኔ በቀልድ የተናገሩት መስሎኝ ነበር፣ ፊታቸው ግን አይቀልድም።

«ምን አሉ?»

«ልመዝገብ ወይ ነው የሚሉት።»

እትዬ ሰውዬውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። «የሰፈር ሰው ላልሆነ ይከብዳል። ደግሞ የእኛ የሴቶች ነው፤ ለወንዶቹ ዳኛ እነግራቸዋለሁ። ግን አዲስ ገቢ የኋለኛውን መዋጮ አጠቃሎ ነው የሚከፍል፣ እሱን በደንብ አስረዳቸው።»

አስረዳኋቸው። ሰውዬው ስልካቸውን አውጥተው ማስላት ጀመሩ።

«ድንኳን መትከል ይችላሉ ወይ በላቸው። ስብሰባው እሑድ ጠዋት ነው። ከዚህ ነው የምመጣው ብሎ ማርፈድ ደግሞ የለም።»